ዓላማና መላምት በሥነ ልቡና ምርምር

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ከሚጻፉት የጥናት ወረቀቶች ብዙዎቹ ስለ ሰው አሳብና ጠባይ የሚናገሩ ናቸው። ገበሬው ምርጥ ዘሩን ለምን አልተቀበለም? ወላጅ ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ለምን አስቀረ? አርብቶ አደሩ ከብቱን ወደ ገበያ ለምን አያወጣም? እነዚህን ጥያቄዎች ያነሣ ጸሐፊ፥ ምንም እንኳ የሥነ ልቡና ሊቅ ነኝ ባይል፥ የሚመረምረው የሰውን ልብ ስለ ሆነ በሥነ ልቡና ምርምር ውስጥ ገብቷል። ወረቀቱ ሲገለጥ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ የሚል ቃል ነው፤ «የዚህ ጥናት ዓላማ በሕዝቡ ዘንድ ያለውን የግንዛቤ ማነስ ማሳየትና የመፍትሔ አሳብ ማቅረብ ነው።»

ይህን ዐረፍተ ነገር እባካችሁ ደግማችሁ ተመልከቱት። ዓላማ ይመስላል እንጂ ዓላማ አይደለም። የግንዛቤ ማነስ መኖር አለመኖሩ ገና ሳይጠየቅ፥ አለ ተብሎ ተቈርጧል፤ የቀረው ሥራ ማሳየት ብቻ ነው። ተከሳሹ ሳይጠራ ፍርዱ እንደ ተጻፈበት መዝገብ ያለ ነው። በዚህ ወረቀት መነሻነት በጀት ይጠየቃል፥ አበል ይከፈላል፥ ሕዝብ ተጠርቶ ግንዛቤ እንዲጨብጥ ይመከራል። ሰውየው የጐደለው ግንዛቤ ሳይሆን ውኃ፥ ወይም ገንዘብ፥ ወይም መንገድ ሆኖ እንደ ሆነ፥ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ነገሩ እንደ ነበረ ይቀራል፤ በሚቀጥለውም ዓመት «ሕዝቡ ተመክሮ እንቢ አለ» ተብሎ ሁለተኛ ወረቀት ይጻፋል። እንግዲህ ዛሬ ዓላማንና መላምትን ለይተን እንድናውቅ የምናገረው ለቃላት ፍቅር ብዬ አይደለም።

ዓላማ ልናውቀው የፈለግነውን ነገር የሚናገር ቃል ነው። ወዴት እንደምንሄድ ይነግረናል፤ እዚያ ደርሰን ምን እንደምናገኝ ግን አይነግረንም። መላምት ደግሞ እዚያ የምናገኘውን ነገር አስቀድሞ የሚገምት ቃል ነው፤ የሚገምተውም ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ስሕተትነቱ በግልጥ እንዲታይ አድርጎ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛችን የታደለ ቋንቋ ነው ለማለት እደፍራለሁ። መላ መምታት ምን እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ መላ የሚመታ ሰው ሊስት እንደሚችልም እናውቃለን። ስለዚህ መላምት የሚለው ስም ግምትነቱን በራሱ ላይ ጽፎ የሚሄድ ቃል ነው።

በቪየና የተወለደው ፈላስፋ ካርል ፖፐር በ1934 ዓ.ም. (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ አንድ አሳብ የሳይንስ አሳብ ለመባል ሐሰትነቱ ሊረጋገጥበት የሚችል መንገድ ሊኖረው ይገባል ሲል አስተምሯል። ምን ቢታይ «ተሳስቻለሁ» እንደሚል የማያውቅ ሰው፥ መላምት ሳይሆን እምነት ይዟል ማለት ነው። እምነት መያዝ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በእምነት ላይ መጠይቅ አዘጋጅቶ በመንደር ለመንደር መዞር ድካም ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ጨፋ ሸለቆ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሰንበቴን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ፥ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ረግረግና የሣር መስክ ይታየዋል። ጨፌ ማለት በኦሮምኛም በአማርኛም ርጥብ የሣር መስክ ነውና የአገሩ ስም ከመልኩ ጋር ይስማማል። ቆላው በበጋ ሲደርቅ የአፋር፥ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ወደዚህ ሣርና ውኃ ይመጣሉ፤ ዝናብ በየአገሩ ሲዘንብ ከሩቅ የመጡት ይመለሳሉ። እሑድ የሰንበቴ ገበያ፥ ሰኞም የባቲ ገበያ ይቆማል፤ ግመሉም፥ በሬውም፥ ፍየሉም በዚያ ይሸጣል። የእርሻው መሬት እየሰፋ በሄደ መጠን ግጦሹ ስለ ጠበበ፥ ስለ ከብት ብዛት የሚደረገው ክርክር በከሚሴ ቢሮዎች እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም።

በክርክሩም ውስጥ አንድ ያረጀ ቃል አለ፤ «አርብቶ አደር ከብቱን የሚያበዛው ለክብር ነው፤ ቊጥሩን እንጂ ጥቅሙን አያይም» የሚል። ይህ ቃል በጨፋ ብቻ ሳይሆን ከብት አርቢ ባለበት አገር ሁሉ ይሰማል፤ ታሪክም አለው። አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ሜልቪል ሄርስኮቪትስ በ1926 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ባወጣው ጽሑፍ፥ ከብት በጋብቻ፥ በሥርዓትና በማዕርግ ውስጥ ያለውን ስፍራ ዘርዝሮ፥ ይህን ተያይዞ የሚገኝ የባህል ጥምረት «የከብት ኮምፕሌክስ» ብሎ ሰየመው። እርሱ በዚህ ቃል ሊል የፈለገው አብረው የሚገኙ ልማዶች ስብስብ ለማለት ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ኮምፕሌክስ የሚለውን ቃል እንደ ልብ ሕመም፥ እንደ አእምሮ አባዜ አድርገው አነበቡት። አንድ ገለጻ እንዲህ ሆኖ ፍርድ ሆነ፤ ፍርዱም ከቅኝ ገዢዎች ቢሮ ወደ ሌሎች ቢሮዎች ተሻገረ። እኔ እንደሚመስለኝ በሰው አሳብ ላይ ከተነገሩት ያልተፈተኑ ግምቶች መካከል ይህን ያህል መንጋ በግዳጅ ያስቀነሰና ያሸጠ ጥቂት ነው።

አሁን ይህን ያረጀ ቃል ወስደን ወደ ምርምር ሥርዓት እናስገባው። በመጀመሪያ ዓላማውን እንጻፍ፤ «በጨፋ ግጦሽ የሚጠቀሙ አባወራዎች ከብት ለመሸጥ ወይም ላለመሸጥ የሚወስኑበትን ምክንያት ማወቅ።» በዚህ ቃል ውስጥ ማንም አልተከሰሰም፤ መልሱም አልተነገረም። ከዚህ በኋላ መላምቱ ይምጣ። ክብር ነው የሚለው ወገን እንዲህ ሊጽፍ ይገባዋል፤ «በሀብት፥ በቤተሰብ ብዛትና ከገበያ ባለው ርቀት እኩል ከሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል፥ የከብት ብዛት በሰው ፊት ያስከብራል ብሎ አብልጦ የሚያምነው ሰው በዓመቱ ውስጥ ያነሰ ከብት ይሸጣል።» ቃሉ አሁን ጥርስ አወጣ፤ ሊነክስም፥ ሊሰበርም ይችላል። አብልጦ የሚያምነውና እምብዛም የማያምነው እኩል ሸጠው ቢገኙ ግምቱ ወድቋል።

ነገር ግን ተወዳዳሪ የሌለው መላምት ለብቻው እንደሚሮጥ ፈረስ ነው፤ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን እንጥራ። ይኸውም ከብት ለአርቢው ባንክና መድን ነው የሚለው ነው፤ ድርቅ መጥቶ እኩሌታው ቢያልቅ ዘር የሚሆን እንዲተርፍ አስቀድሞ ማብዛት ያስፈልጋል። ይህ እውነት ከሆነ ያለፈው ድርቅ አብዝቶ የጐዳው ሰው እስኪያገግም ድረስ ያነሰ ይሸጣል፤ ከተማ ተቀጥሮ ገንዘብ የሚልክለት ልጅ ወይም በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ የበለጠ ይሸጣል። የሚሸጠውም እንስሳ ይለያል፤ ወይፈኑን አውጥቶ ጊደሯን ያስቀራል። ለክብር ብቻ የሚቈጥር ሰው ግን ወይፈንና ጊደርን እንዲህ የሚለይበት ምክንያት የለውም፤ ሁለቱም በቊጥር አንድ አንድ ናቸውና። እንግዲህ በሰንበቴና በባቲ ገበያ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጠውን እንስሳ በጾታና በዕድሜ መመዝገብ ብቻ በሁለቱ ግምቶች መካከል ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። ሦስተኛም ግምት አለ፤ ምናልባት ሰውየው መሸጥ ይፈልግ ይሆናል፥ ነገር ግን በበጋ ዋጋው ስለሚወድቅ ይታገሣል የሚል፤ ይህኛውን የዋጋ መዝገብ ሊፈትነው ይችላል።

በሁለተኛው ግምት ላይ ከቦረና የመጣ ምስክር አለ። ትራቪስ ሊበርት፥ ክሪስቶፈር ባሬት፥ ሰሎሞን ደስታና ሌይን ኮፖክ በ2004 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉ የቦረና አባወራዎችን የ17 ዓመት የመንጋ ታሪክ መርምረዋል። ካገኙት ነገር አንዱ፥ ከድርቅ በፊት ብዙ ከብት የነበረው ሰው ከድርቅ በኋላም መቆም የሚችል መንጋ እንደሚተርፈው፥ ከተወሰነ ቊጥር በታች የወረደው ግን ተመልሶ ለመነሣት እጅግ እንደሚቸግረው ነው። እንዲህ ከሆነ ከብት ማብዛት አባዜ ሳይሆን ስሌት ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። ቦረና ጨፋ አይደለም፤ ጨፋ የዓመት ሙሉ ውኃና ዋና የመኪና መንገድ ያለው፥ እርሻና ግጦሽ የሚሻሙበት አገር ነው። ከቦረና የመጣው ግኝት ለጨፋ ማስረጃ ሳይሆን መላምት ነው፤ በዚያ የታየው በዚህም ይገኝ እንደ ሆነ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ይህን አለመለየት በጥናት ወረቀቶች ላይ ዘወትር የሚታይ ስሕተት ነው።

ከእናንተ አንዱ «ከብት ይቈጠራል፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለው አሳብ ግን እንዴት ይቈጠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከጨፋ ለጥቂት ጊዜ ወጥተን፥ አሳብን ለመፈተን በአገራችን ከተደረጉት ሙከራዎች እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ላሳያችሁ። የተደረገው በምዕራብ ሐረርጌ በዶባ ወረዳ ነው። ታንጊ ቤርናርድ፥ ስቴፋን ደርኮን፥ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ የተባሉት ተመራማሪዎች፥ ሙያቸው ኢኮኖሚ ቢሆንም፥ ያነሡት ጥያቄ የሥነ ልቡና ነበር። ድኻ ገበሬ ለነገ ጥሪት የማያስቀምጠው አቅም ስለሌለው ብቻ ነውን? ወይስ እንደ እርሱ ያለ ሰው ከፍ ብሎ ሲኖር አይቶ ስለማያውቅ ምኞቱም አብሮ ስለ ጠበበ ነው? ዓላማቸው ይህን ማወቅ ነበር።

መላምታቸውም እንዲህ የሚል ነበር፤ ገበሬው እርሱን በመሰሉ ሰዎች ላይ የደረሰውን መሻሻል ቢያይ ምኞቱ ይሰፋል፥ ምኞቱም ሲሰፋ ለነገ የሚያደርገው ነገር ይጨምራል። ይህን ለመፈተን በ64 መንደሮች ውስጥ በ2010 ሥራ ጀመሩ። በዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በኦሮምኛ የተዘጋጁ፥ እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ያህል የሚፈጁ አራት ፊልሞች እንዲያዩ ተጋበዙ፤ በፊልሞቹ ላይ የሚታዩት ከድኻ ገጠር ተነሥተው በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ በጥረታቸው ኑሮአቸውን ያሻሻሉ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። ሌሎች በዕጣ የወጣላቸው ደግሞ ለመሳቂያና ለመዝናኛ የተሠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት አዩ። ሦስተኞቹ ምንም አላዩም።

የመካከለኞቹን ሰዎች ነገር ልብ በሉልኝ፤ የምርምሩ ጥበብ ያለው በእነርሱ ላይ ነው። ሰው ከቤቱ ተጠርቶ፥ ከጐረቤቱ ጋር ተቀምጦ፥ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም አይቶ ሲመለስ ልቡ ደስ ይለዋል፤ ደስ ያለው ሰውም ትልቅ ትልቅ ይመኛል። ፊልሙን ያዩትን ምንም ካላዩት ጋር ብቻ ቢያወዳድሩ ኖሮ፥ ለውጡን ያመጣው የሰዎቹ ታሪክ ይሁን ወይስ የመጋበዝ ደስታ መለየት ባልተቻለም ነበር። ሳቅ ያዩትም እኩል ተለውጠው ቢገኙ መላምቱ በወደቀ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ለግምታቸው መውደቂያ የሚሆን ጉድጓድ በእጃቸው ቈፈሩለት ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ «ባዶ መላምት» ብሎ የሰየመው፥ «ልዩነት የለም» የሚለው ቃል ሥራው ይህ ነው፤ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ሁሉ፥ ማስረጃ እስኪያስገድደን ድረስ ልዩነት የለም ብለን እንቆያለን።

ምኞት የሚባለውንም ነገር እንዲሁ ለስሙ አልተዉትም። በዓመት ሊያገኝ የሚመኘውን ገቢ፥ ሊኖረው የሚፈልገውን ሀብት፥ ልጁ እንዲደርስበት የሚወደውን የትምህርት ደረጃ፥ በመንደሩ ሊኖረው የሚሻውን ክብር እየለዩ ጠየቁት፤ ከአራቱ ለእርሱ የሚበልጥበትን ደግሞ ራሱ እንዲመዝን አደረጉ። ምላስ ግን ሁሉን ያምራል፤ ስለዚህ በምላሱ አላበቁም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ቁጠባውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት መግባት አዩ። እውነተኛውን ታሪክ ያዩት ሰዎች ምኞታቸው ከፍ ብሎ፥ ቁጠባቸውና በልጆቻቸው ትምህርት ላይ የሚያደርጉት ጥረት ጨምሮ ተገኘ፤ ሳቅ ያዩት ግን ይህን ያህል አልተለወጡም። የምኞቱ ለውጥ ከፍተኛ አልነበረም፤ ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲታይ በእርሻና በትምህርት ላይ ዱካው አልጠፋም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያስ ድኽነት በአመለካከት ነው፤ አልን አይደለም?» ሲሉ ይሰማል። ጥናቱ እንዲህ አላለም። ከብዙ ምክንያቶች አንዱን ነጥሎ፥ በአንድ ወረዳ፥ በተወሰነ ሰዓት ፈተነ፤ የቀሩትን ምክንያቶች የለም አላለም። መሬት የሌለው ሰው አንድ ሰዓት ፊልም ስላየ መሬት አያበቅልም።

ወደ ጨፋ እንመለስና፥ እንዲህ ያለውን ምርምር በዚያ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወሩን ይምረጥ። መጠይቁን በጥር ይዞ የወረደ ሰው የሚያገኘው ሕዝብና በነሐሴ የወረደ ሰው የሚያገኘው ሕዝብ አንድ አይደለም፤ በነሐሴ ከሩቅ የመጡት አርቢዎች ተመልሰዋልና። በነሐሴ ብቻ ጠይቆ «የጨፋ ግጦሽ ተጠቃሚዎች» ብሎ የሚጽፍ ሰው የተጠቃሚዎቹን እኩሌታ ሳያይ ቀርቶ ይሆናል። ዓላማው ላይ «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያጠቃልል አስቀድሞ ካልተወሰነ፥ የቀን መቊጠሪያው በስውር ይወስንለታል።

ቀጥሎም ቋንቋ አለ። በአማርኛ የተጻፈው «ክብር» በኦሮምኛ፥ በአፋርኛ፥ በአርጎብኛ ሲጠየቅ የትኛው ክብር ይሆናል? የሀብታም ክብር ነውን? የሽማግሌ ክብር? ወይስ የእንግዳ ተቀባይ ክብር? ጥያቄው በየቋንቋው ተተርጕሞ፥ ትርጕሙን ባላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ተመልሶ ካልተነጻጸረ፥ የምንለካው የሰዎቹን አሳብ ሳይሆን የአስተርጓሚውን ምርጫ ነው። ጠያቂውም ራሱ ይታሰብበት። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በመኪና የመጣ፥ ደብተር የያዘ ሰው «ስንት ከብት አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የሚጠየቀው ሰው ግብርን ወይም እርዳታን ማስላቱ አይቀርም፤ ትክክለኛውን ቊጥር ባይናገር ማን ይፈርድበታል? ከብት አርቢ የመንጋውን ቊጥር ለእንግዳ አይዘረዝርም።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መላምቱ የሚጻፍበት ቀን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኖርበርት ኬር በ1998 ባወጣው ጽሑፍ፥ ውጤቱን ካዩ በኋላ መላምትን ጽፎ አስቀድሞ የታሰበ አስመስሎ ማቅረብ በሙያው ውስጥ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ገልጧል። ቀስት ወርውሮ ካረፈበት ቦታ ላይ ዒላማ መሣል እንደ ማለት ነው። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በሥነ ልቡና መጽሔቶች የታተሙ 100 ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩአቸው፥ ቀድሞ ከመቶው 97ቱ ግምታቸውን የሚደግፍ ልዩነት አግኝተናል ብለው ሳለ፥ በድጋሚው ሥራ ይኸው ልዩነት የተገኘው በ36ቱ ብቻ ነበር። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፥ ከቀስቱ በኋላ የሚሣለው ዒላማ ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ይቈጠራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች መላምታቸውን ሥራ ሳይጀምሩ በሕዝብ መዝገብ ላይ ማስመዝገብ ልማድ አድርገዋል።

እናንተ ደግሞ ለዚህ የሚሆነውን ዕቃ ከነርሱ በፊት ይዛችኋል፤ መዝገብ ቤት አላችሁ። ከሚሴ ያለው ባለሙያ ወደ ሰንበቴ ገበያ ከመውረዱ በፊት ዓላማውን በአንድ ዐረፍተ ነገር፥ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ተፎካካሪ መላምቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው ምን ቢታይ እንደሚወድቁ ጨምሮ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ገጹም ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ ቊጥርና ቀን ይሰጠው። ገበያው ተመዝግቦ፥ ሰዎቹም ተጠይቀው ሲያበቃ፥ ክብር ነው ያለው ግምት ወድቆ ቢገኝ፥ መውደቁን የሚናገረው ደብዳቤ በዚያው ቊጥር ሥር ከፊተኛው ገጽ ጋር በአንድ ፋይል ይታሰር።